ያልተፋቱት ሙሽሮች

ለሠርጌ የሀበሻ ቀሚስ ልገዛ ሽሮ ሜዳ ስሄድ አብራኝ የሄደችው አክስቴ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ሒሳብ አስተምራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ቀጨኔ ያለነው ዘመዶቿ ዛሬም ፊቷ ስንናገር ቃላችንን መርጠን ነው።

ከሚኒባስ እንደወረድን አዲስ የተከፈተ ሱቅ በር ላይ የቆመ ሞንታርቦ ይጮሃል፦ «ከእኛ ገዝተው ከተሞሸሩት አንድም የተፋታ የለም! ይግቡ፣ ይዩ!»

አክስቴ ቀጥ ብላ ቆመች። እጇን ይዤ ብጎትታት ወይ ፍንክች።

ባለሱቁ ቀልጠፍ ያለ ጎልማሳ ነው፤ ፈገግ ብሎ ወጣ። «ይግቡ እናቴ።»

«እገባለሁ። ሱቁን መቼ ነው የከፈትከው?»

«ባለፈው ወር።»

«ታዲያ መቼ ይፋቱ?»

ከጎን ያለችው ጋቢ ሻጭ ሳቋን መያዝ አቃታት። ሰውየው ግን አልደነገጠም። «ቢሆንም እናቴ፣ እስካሁን የተፋታ አለ? የለም!»

«ከጎረቤትህ የገዙትስ ተፋትተዋል?»

«እ... ማለቴ፣ እሱን እንኳ አላውቅም።»

«እሱን ካላወቅክ ያንተ ቀሚስ የተለየ መሆኑን በምን አወቅክ?»

ሰው ከበበን። እኔ ከኀፍረቴ ለመሸሽ ሱቁ ውስጥ ገባሁ። ወርቃማ ጥበብ ያለው ቀሚስ ተሰቅሎ አየሁና ለካሁት፤ በልኬ የተሰፋ ይመስላል። ከፍዬ ስወጣ ክርክሩ አላለቀም፤ አክስቴ የሒሳብ መምህርት መሆኗን ሁሉ ነግራዋለች።

«ምን አሳምኖሽ ገዛሽ?» አለች አክስቴ ዓይኗን አፍጥጣ።

«አማረብኝ።»

ትንሽ አሰበችና «እሱ ምክንያት ነው» አለች።

በሳምንቱ በዚያው መንገድ በሚኒባስ ስናልፍ ሞንታርቦው ሌላ ነገር ይላል፦ «የሒሳብ መምህራን መርምረው የገዙት ቀሚስ!»

አክስቴ «ወራጅ አለ!» ብላ ሚኒባሱን አስቆመችው። ተከተልኳት።

«መምህራን? እኔ ስንት ነኝ?» አለችው።

«አንድ ነዎት እናቴ። ግን እርስዎን የመሰለ ሰው በነጠላ ይጠራል እንዴ? ለአክብሮት ነው እኮ።»

«‹መርምረው› ያልከውስ?»

«ኧረ እናቴ! ላብ በላብ እስክሆን አይደል እንዴ የመረመሩኝ?»

«‹የገዙት› ያልከውስ?»

«አብረው አልነበሩም?»

አክስቴ ወደ እኔ ዞራ፣ «ቃሉን አንድ በአንድ ብትይዢው ከየትኛውም ማምለጫ አለው፤ አንድ ላይ ሲሆን ግን ውሸት ነው» ብላ ተወችው።

ሰውየውን አሳዘነችው መሰለኝ። «እሺ እናቴ፣ ምን ልበል?» አላት። አጠገቡ ቆማ፣ እየመለሰች እያሳረመች፣ ማስታወቂያውን እንደ አዲስ አስቀዳችው።

አሁን ሞንታርቦው «አንዲት የሒሳብ መምህርት መጥተው አይተውናል፤ ስለ ፍቺው ግን አላመኑም!» ይላል። ሰዉ ይህን ሲሰማ እየሳቀ ይገባል፤ ገበያው ከበፊቱም ደርቷል። አክስቴ ግን በዚያ ባለፍን ቁጥር የሚኒባሱን መስኮት ታስከፍትና ጆሮዋን ትሰጣለች።

«‹አላመኑም› የሚለውን እኮ ሆን ብሎ ነው የሚያጣድፈው» ትለኛለች።