በስልክ የተቀበልኩት አደራ

እንጀራዬ የሰው ቃል ማቀበል ነው። ከአገር ወጥተን በምንኖርባት ሾርላይን በምትባል ከተማ ካለው ቤታችን፣ መስኮት ሥር ካስቀመጥኳት ጠረጴዛ ተቀምጬ፣ ሐኪሙ ያለውን ለታማሚው፣ ታማሚው ያለውን ለሐኪሙ በስልክ አስተረጉማለሁ። የሥራው ሕግ አጭር ነው፦ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። ሰውየው ቢሳደብ ስድቡን ታቀብያለሽ፤ ቢያለቅስ ግን አብረሽው አታለቅሺም። በዚህ ሕግ ብዙ ዓመት ስኖር ያፈረስኩት አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም በነጻ በሠራሁት ሥራ።

ልጄ ሯጭ ነበረች። «ኢትዮጵያዊ ስለሆነች ነዋ» የሚሉኝ ሰዎች ያናድዱኛል። እኔ ባቡር ሊያመልጠኝ ሲል ካልሆነ በቀር ሮጬ አላውቅም። አባቷ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል። እሷ ግን ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ዝናብ ሳትል ጭቃ ሳትል ስትሮጥ አደገች። ዩኒቨርሲቲ ስትገባም የአገር አቋራጭ ቡድኑ ያለ ስኮላርሽፕ ወሰዳት። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፤ ሌሎቹም ጋ ያው ነው ይባላል። ማሊያና ጫማ ይሰጧታል፣ የትምህርቱን እኛ እንከፍላለን። መጀመሪያ ከሁሉም ኋላ ነበረች፤ በሦስተኛው ዓመት ለውድድር ከሚጓዙት ጋር መጓዝ ጀመረች።

እኔም ሳላስበው ተለከፍኩ። መስከረም ከገባ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ፓርክ ውስጥ፣ የወላጆች ድንኳን ሥር ቆሜ «በርቺ! በርቺ የኔ እናት!» እያልኩ ስጮኽ እውላለሁ። ድፎ ዳቦ ጋግሬ እወስድ ነበር፤ ፈረንጆቹ ወላጆች ከሩቅ ሲያዩኝ ቢላዋ ያዘጋጃሉ። ደስታው ከማሸነፉ አልነበረም፤ ቡድናቸው ብዙም አያሸንፍም። ደስታው ልጆቹን ከማወቁ ነው። በመጀመሪያው ዓመት መድረሻው ላይ ስታስታውክ ያየኋት የሰው ልጅ በአራተኛው ዓመት ሌሎቹን ስትመራ አያለሁ። የማን ጉልበት እንደሚያም፣ የማን እናት እንደታመመች አውቃለሁ። ስለዚህ የምጮኸው ለሁሉም ነበር።

የወቅቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ልማድ አላቸው። ተመራቂዎቹ በእናትና በአባታቸው መካከል ሆነው ሜዳውን ያቋርጣሉ፣ ስማቸው በድምጽ ማጉያ ይጠራል፣ ለእናት አበባ ይሰጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የሌሎችን እናቶች እያየሁ በቅናት አጨብጭቤያለሁ። በኔ ቀን ምን እንደምለብስ፣ ባለቤቴ ፈረቃውን ከማን ጋር እንደሚቀያየር ሳይቀር ወስነን ጨርሰን ነበር። የቀረን አንድ ዓመት ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን ነገሩ ሁሉ መለዋወጥ ጀመረ። ለዩኒቨርሲቲ ስፖርተኞች ገንዘብ መክፈል ተፈቀደ፤ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዘዋወርም እንደ ቤት መቀየር ቀላል ሆነ። በክፍያው አልከፋሁም። ልጆቹ አጥንታቸው እየተሰበረ ሌላው ሲበላበት ኖሯል፤ የሠራ ይብላ ነው የምለው። ግን ቅዳሜው ቅዳሜነቱን አጣ። ባለቤቴ ለዘመናት ትቶት የማያውቀውን የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ማየት ተወ። «ስማቸውን ሳልይዝ ይሄዳሉ» አለኝ። እኛም ድንኳን ውስጥ ፊቱ ሁሉ አዲስ ሆነ። አንዱ አባት ያለፈችው ሯጭ ማን እንደሆነች ከስልኩ ላይ ፈልጎ ካገኘ በኋላ አጨበጨበ፤ እሷ ግን አልፋ ሄዳ ነበር።

ልጄ ሦስተኛውን ዓመት ልትጨርስ ስትል አሰልጣኟ ደወለልኝ። ከአገራችሁ አንዲት ጎበዝ ልጅ አግኝተናል፣ እናቷ ካልፈቀዱ አልመጣም ብላለች፣ እናቷ ደግሞ እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ታስተረጉሚልናለሽ ወይ አለኝ። ለመክፈል በጀት የለንም ሲለኝ «ክፍያውን ምን አመጣው» አልኩት። ልጄ ከኔ ብሳ ፈነጠዘች። ምሳዬን ከፍቼ ስበላ ምንድን ነው ብላ የማትጠይቀኝ ሰው መጣችልኝ አለች በእንግሊዝኛ።

ስልኩን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ድምጹን ከፍተን አስቀመጥነው። ልጄ ከጎኔ ነበረች። አሰልጣኙ ስለ ስኮላርሽፑ፣ ስለ መኝታው፣ ስለ ሕክምናው ተናገረ፤ እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተረጎምኩ። የልጅቷ እናት ከወዲያ ሲሰሙ ቆዩና አሰልጣኙን ትተው ወደኔ ዞሩ።

«እኅቴ፣ አንቺ እዚያው ነሽ?»

«አዎ፣ እዚሁ ነኝ።»

«ልጅ አለሽ?»

«አለችኝ። እዚያው ቡድን ውስጥ ናት።»

«እንግዲያውስ እኔ ሰውየውን አላውቀውም። የማውቀው ያንቺን ድምጽ ነው። የሰማይ የምድር አደራ፣ ልጄን እንደ ልጅሽ እይልኝ።»

ሥራዬ ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ለአሰልጣኙ አስተርጉሜ መልሱን መጠበቅ ነበረብኝ። ግን አደራ ያሉ እናት ስልኩ ላይ እየጠበቁ ዝም ይባላል? «ከልጄ ለይቼ አላያትም፤ ሐሳብ አይግባዎት» አልኳቸው። እሳቸውም ልጆችሽ ይባረኩ፣ ደጅሽ አይዘጋ እያሉ መረቁኝ። አሰልጣኙ «ምን አሉ?» ሲለኝ «እሺ ብለዋል» አልኩት። ልጄ ትከሻዬን አቀፈችኝ።

ሐምሌ ላይ ልጄ ከዩኒቨርሲቲው መጥታ መኪናዋን ደጅ ፓርክ አደረገችና አልወርድ አለች። ወጥቼ ከጎኗ ገባሁ። ሞተሩን አጥፍታለች፣ እጇ ግን መሪው ላይ ነው። ቡድኑ የሚይዘው የሰው ቁጥር ተወስኗል አለችኝ። ለሁሉም ስኮላርሽፕ መስጠት ሲፈቀድ፣ ያለ ስኮላርሽፕ የሚሮጡት መቆሚያ አጡ። አሰልጣኙ አዝኗል፣ አመስግኗል፣ ዕቃዋን እንድትወስድም ነግሯታል።

«በናንተ ቦታ ማን ገባ?» አልኳት። የሞኝ ጥያቄ ነው፤ መልሱን እያወቅኩ ነው የጠየቅኩት።

ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ያደረጉ አሉ አለች በእንግሊዝኛ። ከዚያ በአማርኛ ጨመረችልኝ። «እና ደግሞ ያቺ ያንቺ ልጅ።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ ነው። ቢሆንም ጥፋቴ ነው ብዬ አልቀበልም። ያን ቀን ስልኩን ስይዝ እኔ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ልጅቷም አታውቅም፣ እናቷም አያውቁም። አሰልጣኙ ያውቅ ነበር ወይ? አልጠየቅኩትም፤ አውቄ ነበር ቢለኝ ምን እንደምመልስለት ስለማላውቅ ነው። ባለቤቴ ለሽኝቱ ቀን የተቀያየረውን ፈረቃ መልሶ ወሰደ።

ልጅቷ ነሐሴ መጨረሻ ላይ መጣች። አደራ ነውና ኤርፖርት ሄጄ ተቀበልኳት። ከልጄ ጥቂት ብትበልጥ ነው፤ ዓይን አፋር ናት፣ ከአፏ ከ«እትዬ» ሌላ ብዙ አይወጣም። የዝናብ ጃኬት ገዛሁላት። የሐበሻ ሱቆች ያሉበት ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባል ሰፈር ወስጄ ሽሮና በርበሬ የት እንደሚሸጥ አሳየኋት። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እኛ ቤት ትበላ ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወሬው ወዲያው ተዳረሰ፣ ሰዉ እየመጣ «የኛ ልጅ እኮ አንደኛ ወጣች» እያለ እኔን እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል። አንዲት ሴትዮ ልጄን ጉንጯን ይዘው «አንቺስ፣ እንደሷ አትሮጪም?» አሏት። ከዚያ በኋላ ልጄ እሁድ እሁድ ሥራ አበዛች። ኖርዝጌት የሚባል ሰፈር ያለ የስፖርት ጫማ መሸጫ ተቀጥራ ነበር።

አንድ እሁድ ግን ሁለቱ ገበታ ላይ ተገናኙ። እንግዳዋ ቡድኑ የሰጣትን ጃኬት ለብሳለች።

«እኅቴ፣ ጥሩ ሯጭ ነበረች ይሉሻል። ለምን ተውሽው?» አለቻት። ክፋት አልነበረውም።

ልጄ ጃኬቱን እያየች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ እንግዳዋ በማትከታተለው ፈጣን እንግሊዝኛ መለሰች። አልተውኩትም፣ ላንቺ ቦታ ሲፈልጉ ነው ያስወጡኝ አለች። ከዚያ ወደኔ ዞራ «ንገሪያት፣ ማሚ» አለችኝ።

ሁለቱም እኔን ያዩኛል። «ትምህርቱ ከብዷት ነው፤ አንቺ ግን በርቺ ትልሻለች» አልኩ።

«እንደዚያ አላልኩም» አለች ልጄ። በአማርኛ ያለችው እንግዳዋ እንዲገባት ነው። ሳህኗን አንስታ ክፍሏ ገባች።

እንግዳዋ የጠቀለለችውን እንጀራ እንደያዘች ቀረች። «እትዬ፣ ምንድን ነው ያለችው?» ብላ ስትጠይቀኝ እንዳለ ነገርኳት። እንጀራውን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላም እሁድ እሁድ ትመጣ ነበር፣ ከልቧ ግን አልበላችም።

ተመራቂዎቹ በሚሸኙበት ቀን እሷ ትሮጥ ስለነበር ሄድኩ። ነይልኝ ብላ ለምናኝ ነው፤ የሚጮኽላት ሌላ ሰው የላትም። አሸነፈች። በዚያ ሜዳ እንዲያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም፤ ሁለተኛዋ መድረሻው ላይ ስትደርስ እሷ ትንፋሿ ተመልሶ ጫማዋን እየፈታች ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት «ማናት?» ተባብለው ስልካቸውን አዩ። እኔ «በርቺ» ማለቱን ትቼ በእጄ ብቻ አጨበጨብኩ። ከዚያ ስም እየተጠራ እናቶች አበባ ተቀበሉ። አንዷ ተመራቂ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣችው በዚያው መስከረም ነበር። እናቷ ከጎኔ ቆማ አሰልጣኙ የትኛው እንደሆነ ጠየቀችኝ። በጣቴ አሳየኋት። ዳቦዬን ሳልቆርሰው ይዤው ተመለስኩ።

ጥር ላይ ልጅቷ ተዛወረች። ደቡብ ያለ አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የተሻለ ነገር አቀረበላት፤ ያገናኛት ወኪል ነኝ የሚል ሰው ነው። «እትዬ ይቅርታ፣ ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ» የሚል መልእክት ላከችልኝ። አልፈረድኩባትም፤ ከጀርባዋ እጇን የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። ግን ልጄ የተባረረችበት ቦታ በአንድ የውድድር ወቅት ውስጥ መልሶ ባዶ ሆነ። ይህን ስነግራት ለሥራ ልትወጣ የጫማዋን ክር እያሰረች ነበር። «ኢትስ ቢዝነስ፣ ማሚ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

እናቲቱ ግን ደወሉ።

«እኅቴ፣ ልጄን ወዴት ሰደድሻት?»

«እኔ አልሰደድኳትም። ራሷ ናት የተዛወረችው።»

«እዚያስ ማን አላት? ያንቺ ሰው አለ?»

በዚያ ከተማ የማውቀው ሰው አልነበረም። ከተማውንም ያየሁት ካርታ ላይ ነው። «የለኝም» አልኳቸው።

«አደራዬን የተቀበልሽው እኮ አንቺ ነሽ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለየትኛዋ ልጅ እንዳለቀስኩ አሁንም አላውቅም።

ፋሲካ ሳይደርስ አሰልጣኙ እንደገና ደወለ። ሌላ ልጅ፣ ሌላ እናት። አሁን በጀት አለን፣ በሰዓት እንከፍልሻለን አለኝ። ሁሉም እየተከፈለው እኔን ብቻ ማን ጻድቅ አደረገኝ ብዬ እሺ አልኩት። ስልኩን ያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ልጄ ዕቃ እያጠበች ነበር፤ ትወጣለች ብዬ ነበር፣ አልወጣችም።

ስኮላርሽፑን፣ መኝታውን፣ ሕክምናውን አስተረጎምኩ። ከወዲያ ያለችው እናት ድምጿ ገና የወጣት ነው። ሰውየውን ሰምታ ስትጨርስ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እኅቴ፣ አንቺስ እዚያው ነሽ?»

ልጄ ቧንቧውን ዘጋችና ዞራ አየችኝ።

«እኔ አስተርጓሚ ብቻ ነኝ» አልኩ።

ከወዲያ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል፣ አንድ ሰው ያባብለዋል።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለች እናቲቱ። «እግዚአብሔር ይጠብቃት።»

እንዳለችው አስተረጎምኩት፣ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

«እሺ አለች ማለት ነው?» አለ አሰልጣኙ።

«አዎ» አልኩት።