የሮማንወርቅ አርባ ዘጠኝ

ለንደን፣ ሃርልስደን ሰፈር ያለው ሳሎኗ በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ ሮማንወርቅ በገዛ ልደቷ ቀን በገነች። ጣጣውን ያመጣችው ሂሳብ የምታጠናው ልጇ ቢታንያ ናት፤ በዕድሜ የሚጫወቱት የቁጥር ጨዋታ አስጀምራ። ዕድሜሽን ከአንድና ከራሳቸው በቀር ምንም በማያካፍላቸው ቁጥሮች ትበትኛለሽ፤ እነሱን ጎን ለጎን ጽፈሽ የወጣውን ቁጥር ደግሞ ትበትኛለሽ፤ የማይበተን እስክታገኚ። የባሏ ሃምሳ አምስት፣ አምስትና አስራ አንድ ተብሎ 511 ሆነ፤ ከዚያ 773 ላይ አረፈ። የእሷ አርባ ዘጠኝ ግን 77፣ 711፣ 3379 እያለ ያብጣል እንጂ አያርፍም።

«ማሚ፣ እሱን እኮ እስካሁን ኮምፒውተርም አልጨረሰውም!» አለች ቢታንያ ስልኳን ቼክ አድርጋ።

«ከቁጥር ሁሉ ለእኔ ይሄ ይድረሰኝ?»

ለንደን ስትገባ ዕድሜዋን አራት ዓመት ቀንሳ ነበር ያስመዘገበችው። እውነተኛውን ሃምሳ ሦስት በልቧ ሞከረችው። ምንም አያካፍለውም፤ ሳይጀመር ያለቀ ነው። እንግዶቹን አየች።

«እስክሪብቶውን አምጪ» አለች፤ «እቀጥላለሁ።»