ልባሙ ክፍሌ ከብት ገበያ ወጣ

አማርኛ ለብልህ ሰው ስም አያጣም። አስተዋይ አለ፣ ልባም አለ፣ ዓይናማ አለ፣ ነገር ቶሎ የሚገባው አለ፣ ጮሌም አለ። የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ዕቃ መዛኝ ክፍሌ ከጮሌ በቀር ሁሉንም ለብቻው ጠቅልሎ ይዞ ነበር። ጮሌን ለደላሎች ትቶላቸዋል፣ ቸር ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ስም ያገኘው በምን መሰላችሁ? ራሱን በመነቅነቅ! ሰው ሲያወራ ዓይኑን ጠበብ ያደርጋል፣ አገጩን ይይዛል፣ እንደተስማማ ሰው ሦስት ጊዜ ይነቀንቃል፤ በቃ። አንድ ቀን አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ከባቡር ወርዶ በቋንቋው ሲያጣድፈው፣ ክፍሌ አገጩን ይዞ ነቀነቀለት። ያዩት ሠራተኞች ፈረንጅ የሚያማክረው ሰው ብለው አደነቁ። ፈረንጁ የጠየቀው ሽንት ቤት የት እንደሆነ ነበር። ክፍሌ ግን መጠየቅ ውርደት ይመስለዋል። «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» ይላል፤ ስለዚህ ማንም አይነግረውም፣ እሱም አያውቅም።

ሚስቱ ሸዋገነት አሥራ አራት ዓመት አብራው ኖራ ጠባዩን ለይታዋለች። ትንሽ ከነቀነቀ ጥቂት ገብቶታል፤ ብዙ ከነቀነቀ ምንም አልገባውም ማለት ነው። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ማንስ ጠይቋት?

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ለፋሲካ የሰፈሩ አሥራ ሁለት ቤቶች ለአንድ በሬ ቅርጫ ገቡ። በሬውን ማን ይግዛ ሲባል፣ ከጋሽ ክፍሌ ሌላ ማን አስተዋይ አለን ተባለ። ሸዋገነት ልቧ ፈራ። የፈራችው ለባሏ ስም አይደለም፣ ስሙስ ምንም አይነካውም። ከአሥራ ሁለቱ አንዷ አለምብርሃን ናት፤ ባሏ ሞቶባት የሰው ልብስ እያጠበች አራት ልጆች የምታሳድግ። እነዚያ ልጆች ሥጋ የሚያገኙት በዓመት አንድ ቀን፣ በዚህ ቅርጫ ነው። ስለዚህ ገበያውን የሚያውቅ ሰው ይዘህ ሂድ ብላ ለመነችው። እሱ ግን እኔን ማን መስዬሽ ነው ብሎ ብቻውን ወጣ።

ገበያ ላይ የሆነውን ሸዋገነት የሰማችው ከጎረቤቷ ከሃሊሞ ነው። ሃሊሞ ከብት ገበያው በር ላይ ወተት ትሸጣለች፤ ሁሉንም በዓይኗ አይታለች።

በዚያ ገበያ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ደላላው ፎጣውን በሁለት እጆች ላይ ጣል ያደርግና ከሥር ጣት ለጣት ተያይዘው ይደራደራሉ፤ አንዱ ጣት ይህን ያህል ነው፣ ሁለቱ ያን ያህል፣ ዳር የቆመ ሰው እንዳይሰማ። የማያውቅ ሰው ይጠይቃል፣ ይነግሩታል፣ ነውር የለውም። ክፍሌ ቀዳም ሥዑር ጠዋት ደርሶ አንድ የሰባ ቀይ በሬ ገና ከሩቅ ወደደ። ነገር ግን ብልህ ነዋ! ደላላው ዓይኔን አይቶ ዋጋ ይቆልልብኛል ብሎ ለበሬው ጀርባውን ሰጠና፣ አጠገቡ የቆመችውን ግመል ይመረምር ጀመር። ጥርሷን አየ፣ ጉልበቷን ዳሰሰ፣ ጎኗን መታ መታ አደረገ። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ነው ብሎ በልቡ ሳቀ። ደላላው ዲሪር ግን ብልጠት አልታሰበውም፤ ግመል የሚፈልግ ሰው ነው ያየው፣ ለጭነት ይሆናል አለ። ፎጣውን ጣለና ጣቱን ያዘ። ክፍሌ ነቀነቀ። ሌላ ጣት ጨመረ። ክፍሌ አሁንም ነቀነቀ። ዲሪር እንዲህ ያለ የማይከራከር ገዢ ከተወለደ አላየም። ምስክር ተጠራ፣ ገንዘብ ተሰጠ፣ ምርቃት ተመረቀ፣ የግመሏ ገመድ ክፍሌ እጅ ገባ።

እዚህ ላይ «ተሳስቻለሁ» የምትል አንዲት ቃል በበቃች ነበር። ክፍሌ ገመዱን አየ፣ ግመሏን አየ፣ አገጩን ያዘ። ከዚያ ጎትቷት ወጣ።

ቀትር ላይ ግመሏ ሰፈር ደረሰች። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ክርስቲያን ሁሉ በየደጁ ወጥቶ፣ የፋሲካ ሥጋው ሣር ሲያመነዥክ ቆሞ ተመለከተ። ጋሽ ክፍሌ ምንድን ነው ቢሉት፣ ቆዩ፣ ነገር አለው አለና ሙቀቱን ሊያሳልፍ ገብቶ ተኛ። አለምብርሃን ልጆቿን ሰብስባ ቤቷ ገባችና በሩን ዘጋች። ሸዋገነትን ያንገበገባት ይህ ነው።

ነጠላዋን አጣፋች፣ ሃሊሞን አስከተለች፣ ግመሏን እየጎተተች በዚያ ፀሐይ የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ተሻገረች። ገበያው ሊበተን ነው። ዲሪር ጥላ ሥር ጫቱን ዘርግቶ ከሰዎች ጋር ተቀምጧል። በሁሉም ፊት ነገረችው።

«ባሌ አልገባውም። የፈለገው በሬውን ነው፤ የጣቱንም ነገር አያውቅም። የሙት ልጆች የሚበሉት ነውና መልስልን።»

ሰዎቹ ሳቁ። ዲሪር አልሳቀም።

«ዋላሂ፣ ይህን ጠዋት ቢለኝ ምን ነበረበት አቦ?» አለና ምስክሩን ጠራ። በሬውን አወጣላት፣ የተረፈውንም ገንዘብ ቆጥሮ መለሰላት።

በማግስቱ በሬው ታርዶ አሥራ ሁለት መደብ ወጣ፤ ዕጣ ተጣለ፣ ጥሬው ተቆረጠ፣ ጥብሱ ተጠበሰ። ወሬውም አብሮ በሰለ። ጋሽ ክፍሌ ደላላውን በግመል አዘናግቶ በሬውን በርካሽ አወጣው ተባለ። ነገሩን ከሥሩ ያየ፣ ልባም፣ ዓይናማ ተባለ። ክፍሌ ከተኛበት ተነስቶ ስለ ራሱ የሰማው ይህንን ነው፤ አላስተባበለም። ለሸዋገነትም ስም አላጡላትም። ባሏን በገበያ ፊት ያዋረደች፣ ምላሰ ረጅም፣ ዓይን አውጣ አሏት።

ሰፈሩ አብሮ ለመብላት ተቀምጦ ሳለ፣ መጨረሻ ላይ የእድሩ ዳኛ ብርሌውን ይዘው ተነሱ። ክፍሌን መረቁ፣ ዕድሜውን አስረዘሙለት፣ የከርሞውንም በሬ እሱው እንዲገዛ አደራ አሉት። ከዚያ ወደ ሸዋገነት ዞሩ።

«አንቺም ልጄ፣ እንዲህ ያለ አስተዋይ ባል ለሁሉ አይደርስም። ያልገባሽን ነገር እሱን መጠየቅ ልመጂ። እግዜር ልቦና ይስጥሽ።»

ሸዋገነት ልትናገር አፏን ከፈተች። የአለምብርሃን ትንሿ ልጅ አፏ ዙሪያ ቅባት ይዛ እግሯ ሥር ተቀምጣ፣ ሌላ አለ ወይ በሚል ዓይን ታያታለች።

«አሜን» አለችና ከራሷ ድርሻ አንድ ጎድን አንስታ ለልጅቷ ሰጠቻት።