እትዬ አስካለ ለፊልም ሽማግሌ ሲነሡ

ነገሩ የጀመረው እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ዛሬም እዚህ ጀርመን፣ ኖርድቬስትሽታት በሚባለው ሰፈራችን የገበያ ማዕከል ውስጥ ትኩስ ፈንዲሻ ሲሸተኝ ያ እሑድ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ማንጋ ከሚሉት፣ ከምወደው የጃፓኖች የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ የተሠራ የጃፓን ፊልም መጥቶ፣ እናቴ ሥራ ስለነበራት ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ሲኒማ ወሰዱኝ። ስንገባ ከኋላችን የክፍሌ ልጆች ተቀምጠዋል። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቃል አውርቻቸው ስለማላውቅ፣ እንዳያዩኝ ኮቴ ውስጥ ተሸጎጥኩ።

ፊልሙ በጃፓንኛ፣ ከሥር ያለው ጽሑፍ በጀርመንኛ ስለሆነ ለእትዬ በጆሯቸው እያንሾካሾክሁ እተረጉማለሁ። መሀል ላይ የባለታሪኳ አያት፣ ነጭ ጢማም ሽማግሌ፣ በሩን ከፍተው ገቡ። እትዬ አስካለ ከወንበራቸው ብድግ አሉና፣ "ኖር!"

"ኧረ ይቀመጡ እትዬ፣ ፊልም እኮ ነው!"

"ቢሆንስ? ሽማግሌ ሲገባ ተጎልቼ ልይ?"

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። "አየሽ?" አሉ እትዬ፣ "የጨዋ ልጅ ናቸው።"

ሳቄ አመለጠኝ። ከኋላ አንዷ ልጅ በጀርመንኛ፣ "ለምን ተነሡ?" ብላ ጠየቀችኝ። ዞርኩና፣ "እኛ ጋ ለሽማግሌ ይነሣል" አልኳት።

ሽማግሌው ዳግመኛ ሲገቡ የኋላው ረድፍ በሙሉ ቆመ። እትዬ በኩራት ዞረው መረቋቸው።

በማግስቱ ጠዋት ኡባን በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ልጆቹን አየኋቸው። ማንም ሳይጠራኝ ወደ እነሱ ሄድኩና በጀርመንኛ እንደምን አደራችሁ ለማለት፣ "ጉተን ሞርገን" አልኩ።