የጋሽ ብሎን ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት መሳቢያዎች

ጎረቤቴን ሰፈሩ «ጋሽ ብሎን» ይላቸዋል። አርባ ዓመት ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ፣ ጡረታ በወጡ ማግስት ደግሞ የሱቃቸውን ዕቃ በሙሉ ወደ ቤታቸው ያስገቡ ሰው ናቸው። ዕቃው የሰፈረበት ክፍል ከቤቱ ሁሉ ፀሐይ የሚገባበት ብቸኛው ክፍል ነው። ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት የቆርቆሮ መሳቢያዎች ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድረውበታል። በውስጣቸው ፊውዝ፣ ሞላ፣ አምፖል፣ እንዲሁም ጋሽ ብሎን ራሳቸው ምንነቱን ሲጠየቁ ጉሮሯቸውን የሚጠራርጉበት ብዙ ነገር አለ።

ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪናቸው የተቀመጠው ጨለማ ኮሪደር ውስጥ በመሆኑ ክር በመርፌ የሚያሾልኩት በግምት ነው። ዓይናቸው በደከመ ቁጥር ክፍሉን ይጠይቃሉ፤ ጋሽ ብሎንም «ዕቃው እኮ ሥርዓት አለው፤ ከተነካ ይበላሻል» ይላሉ። በመጨረሻ ሴትዮዋ ቆረጡ።

«ሥርዓቱን እንየው እንግዲህ! እሑድ መምህር ሰዓት ይዘው ይቀመጣሉ። አንድ ዕቃ እጠይቅሃለሁ። በአምስት ደቂቃ ካገኘህ ሁለተኛ አላነሣብህም። ካጣህ መስኮቱ የኔ ነው።»

መምህር የተባልሁት እኔ ነኝ።

ጋሽ ብሎን በውርርዱ ተስማምተው በዚያው ሳምንት ኮምፒውተር፣ የባርኮድ ማተሚያና ማንበቢያ ይዘው መጡ። በየመሳቢያው ላይ በገዛ እጃቸው የጻፏቸውን አሮጌ ወረቀቶች አንድ በአንድ ልጠው ጣሉ፤ በምትካቸውም ጥቁር መስመሮች ብቻ ያሉባቸውን ነጫጭ ወረቀቶች ለጠፉ።

«ስሙን ከመስመሮቹ ሥር ቢጽፉትስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አይ መምህር! ስሙን የሚያነበው ማሽኑ ነው። እኛ ማንበብ ጨርሰናል።»

ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ማንበብ እንዲጀምር የለፋ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል ለአንባቢ እተወዋለሁ።

እሑድ ደረሰ። እኔ ሰዓቴን አወጣሁ። ባለቤታቸው እጃቸውን አጣምረው በሩ ላይ ቆሙ።

«የስፌት መኪናዬን አምፖል አምጣልኝ። ያቺን ከተቃጠለች ሁለት ዓመት የሞላትን፣ ነገ እቀይርልሻለሁ ያልከኝን።»

ጋሽ ብሎን ፈገግ ብለው የኮምፒውተሩን ቁልፍ ተጫኑ። ኮምፒውተሩ ጭጭ አለ። ደግመው ተጫኑ፤ ጭጭ። የጥገና ሰው ናቸውና በአፍታ ሆዱን ከፍተው ችግሩን አገኙት።

«ፊውዝ ናት! ፊውዝ ደግሞ ሞልቶኛል።»

«የት?» አሉ ባለቤታቸው።

ጋሽ ብሎን ማንበቢያውን አንሥተው ወደ መሳቢያዎቹ ዞሩ። ዞረውም ቀሩ። የማንበቢያው ገመድ መጨረሻው ያው የሞተው ኮምፒውተር ነበር። ፊውዟ ያለችበትን የሚያውቀው ኮምፒውተሩ ብቻ፣ ኮምፒውተሩን የምታስነሣውም ፊውዟ ብቻ ሆነች።

አንዱን መሳቢያ ሳቡ፤ የብረት ሞላ። ሌላውን ሳቡ፤ አሁንም ሞላ። ሦስተኛው ውስጥ ጓደኛው የጠፋበት ጓንት ተገኘ።

«ሁለት ደቂቃ ቀረ» አልሁ።

«ኧረ መምህር፣ በጎረቤት አምላክ!»

«ሰዓቱ ጎረቤት የለውም።»

አምስቱ ደቂቃ ሞላ፤ ሰዓቴን ወደ ኪሴ መለስሁ። ያን ጊዜ ባለቤታቸው ጎንበስ ብለው የመሳቢያዎቹን ጠርዝ ሥር ሥር እያዩ ሄዱና ከታች ከሁለተኛው ረድፍ አንዱን ሳቡ። ፊውዝ! ቀጥሎ ያለውን ሳቡ። አምፖል! በየመሳቢያው ጠርዝ ሥር፣ ጎንበስ ላለ ሰው ብቻ በሚታይ ቦታ፣ በሰማያዊ የልብስ ስፌት ጠመኔ የዕቃው ስም ተጽፏል። ባልየው ወረቀቶቹን ሲልጡ ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ የጻፉት ሴትዮዋ ናቸው።

«እያወቅሽ ነው ዝም ያልሽኝ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ማንበብ ጨርሰናል ብለህ የለ?»

ጋሽ ብሎን ቃላቸውን አላጠፉም፤ ይህን ልመሰክርላቸው ይገባል። በመስኮቱ በኩል ያሉትን መደርደሪያዎች ዕለቱኑ አነሡ፣ የስፌት መኪናውን ተሸክመው አስገቡ፣ አምፖሏንም ገጠሙ። በማግስቱ ወረቀቶቹን ሁሉ እንደገና አተሙ። አሁን ከመስመሮቹ ሥር ያለ መነጽር የሚነበብ ስም አለ።

ስም ያልተጻፈበት ወረቀት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የስፌት መኪናው ጎን ላይ ተለጥፏል። ባለፈው ስሄድ ማንበቢያውን አስነሣሁና አስጠጋሁት። ስክሪኑ ላይ እንዲህ ወጣ፦ «የስፌት መኪና። ብዛት፦ አንድ። ቦታ፦ መስኮቱ ሥር። አይነሣም።»

ባለቤታቸው ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ፣ «ይህን ከሁለት ዓመት በፊት በጠመኔ ጽፎት ቢሆን ኖሮ እኮ ማሽንም ውርርድም ባላስፈለገን ነበር» አሉ።