በልጄ ጌም ውስጥ የሞትሁ ቀን

ልጄ አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። እዚህ ደብረ ታቦር ያ ሰሞን መንገዱ አንዳንድ ቀን ይከፈታል፣ አንዳንድ ቀን ይዘጋል። ከክፍሉ ልጆች ሦስቱ ጠመንጃ ወዳለበት ወጥተው ነበር። ከማን ጋር እንደ ወጡ አልጠየቅሁም፤ እናቶቻቸውም አይናገሩም። የኔ ፍርሃት አንድ ብቻ ነበር። አራተኛ ሆኖ የኔው እንዳይወጣ።

ስለዚህ ጌሙን ፈቀድሁለት። እህቱ ባሕር ዳር ስታገባ ትታው የሄደችው አሮጌ ላፕቶፕ ነበረን። ጌሙን ፎቶ ኮፒ ቤት ከሚሠራ ጓደኛው በፍላሽ አስገልብጦ አመጣው። የጦርነት ጌም ነው። የንስሐ አባታችን ቢያዩት ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ አስቤ ነበር፤ ኋላ ተውሁት። ሄድፎኑን ጆሮው ላይ ደፍቶ ከጧት እስከ ምሳ ሲታኮስ ይውላል። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ድንች እልጣለሁ። ቤት ውስጥ ነው ያለው፤ ይበቃኛል እላለሁ።

ምሳ ላይም የሚያወራኝ ስለሱ ነው።

«እማ፣ የበፊቱ ጌም ጠላቶቹ ቂሎች ነበሩ። ፊት ለፊት እየመጡ ያልቃሉ። ይሄኛው ግን በጀርባ ይዞሩብሻል። የያንዳንዱ ጠመንጃ ድምፅ ለብቻው ነው። ስትተኩሺ ወደ ላይ ይዘልብሻል፤ ወደ ታች ጫን አድርገሽ መያዝ ነው።»

«እህ» እላለሁ። የማየው እጁን ነው። ሲያወራ የቀኝ እጁ ጣት ብቻዋን ትታጠፋለች።

አንድ ቀን «እስቲ እኔንም አሳየኝ» አልሁት።

ሳቀ። «አንቺ? በአራተኛ ክፍል ትምህርት?»

«በአራተኛ ክፍል አንተን አሳድጌያለሁ።»

እዚያ ውስጥ ምን እንደሚያይ ማወቅ ፈልጌ ነው። ሄድፎኑ ለሁለት ስለማይሆን ነቀለውና ላፕቶፑን ዘፈን ከምንሰማበት ጂፓስ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘው።

መጀመሪያ ያየሁት ሁለት እጅና አንድ ጠመንጃ ነው። «እግሬስ?» ስለው «እግር የለሽም፣ ወደፊት ብቻ ሂጂ» አለኝ። ሄድሁ። አባቴ መሣሪያ ነበረው፤ ልጅ ሆኜ ተሸክሜለት ትከሻዬን ሲቆርጠኝ አውቃለሁ። ይሄኛው ቀኑን ሙሉ ቢይዙት አይከብድም። አይርብም፣ አይበርድም። አንድ መንደር ገባሁ። በሮቹ ሁሉ ክፍት ናቸው። ዶሮ የለም፣ ጭስ የለም፣ ምድጃው ላይ ግን ድስት ተጥዷል።

«የማን ቤት ነው?»

«የማንም። ካርታ ነው እማ። አትቁሚ፣ በመስኮት ይመቱሻል።»

እውነቱን ነው፣ መስኮቱ ላይ ሰው ብቅ አለ። ልጄ ጣቴ ላይ ጣቱን ጭኖ ተኮሰ። ሰውዬው ወደቀ። ላየው ስጠጋ የለም።

«ወዴት ሄደ?»

«ይጠፋል። ኮምፒውተሩ እንዳይከብደው ነው።»

ምንም አልተሰማኝም። የፈራሁት ይሄንኑ ነው። እኔን በአንድ ቀን ምንም ካልተሰማኝ እሱ ወር ሙሉ እዚህ ሲውል ምን ይቀርለታል?

ያን ጊዜ ከኋላዬ ተተኮሰ። ስክሪኑ ደም መሰለ፣ ሰማዩ ተገለበጠ። «ወየው! ወየው ልጄ!» ብዬ ጮህሁ። ለምን ልጄ እንዳልሁ አላውቅም፤ የሞትሁት እኔ ነበርሁ።

በኛ አገር ወንድ ሲሞት ለቅሶው ላይ ይተኮሳል። ጎረቤት የሰማው እንግዲህ ተኩስ ነው፣ ቀጥሎም የእናት ጩኸት። ከወንበሬ ሳልነሣ አምስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ፊት ፊት የጓሮ ጎረቤቴ አሮጊቷ ነበሩ፤ «ልጄን! የኔን ልጅ! ምን በላው!» እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ።

ልጄ ተነሥቶ «ይቀመጡ እማማ» አላቸው።

እጃቸው ደረታቸው ላይ ቀረ። «አንተ! አለህ እንዴ?»

«አለሁ።»

«ታዲያ ማን ሞተ?»

«እማዬ ናት። ግን ተነሥታለች።»

በምርኩዛቸው ጫፍ ጎኑን ወጉት። «ርኩስ! በቁምህ እንባዬን ጨረስህብኝ!» አሉና መልሰው አገላብጠው ሳሙት። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም እንደሚስቅ ሰው አፌን ከፈትሁ።

ምድጃ ላይ የስንዴ ንፍሮ ነበረኝ። ላቀርብላቸው ስነሣ አሮጊቷ ቀሚሴን ያዙኝ። «የለቅሶ እህል ልታበይን ነው? ሟርት እንዳታደርጊው! እናንተም ነጠላችሁን አስተካክሉ። ድንች የለሽም?» ነጠላቸውን አስተካከሉ። ድንቹን በሚጥሚጣ በልተው ሄዱ።

አንዷ ቀረች። ልጇ ከወጡት ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል።

«እስቲ እሱን ነገር ክፈተው» አለችው ልጄን።

ከፈተላት።

«ሲመቱ ይነሣሉ?»

«ከአሥር ሰከንድ በኋላ።»

«ሁሉም?»

«የኛዎቹ።»

ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ልጄ ወደ ተኩሱ ሊሄድ ሲል እጁን ያዘችው። «ወደዚያ አትውሰደው። ከግንቡ ጀርባ አስቀምጠው።»

«እንደሱ ከሆነ ጨዋታ የለውም እኮ እትዬ።»

«ይቀመጥ።»

አስቀመጠው። ተኩሱ ከሩቅ ይሰማል። ወታደሩ አይንቀሳቀስም፤ እጆቹ ብቻ እንደሚተነፍስ ሰው ከፍ ዝቅ ይላሉ። ሦስታችንም እሱን ስናይ ቆየን። ያቀረብሁላት ሻይ በረደ። ስትሄድም «እንዳታነቃንቀው» አለችው።

ከሄደች በኋላ ልጄ ላፕቶፑን አልዘጋውም። ፊቱን ወደኔ ሳያዞር «እማ፣ ቅዳሜ ከክፍሌ ልጆች ጋር ጋፋት ልንገናኝ ተቀጣጥረን ነበር» አለኝ። «ከዚያ ልንወጣ።»

«ነበር?»

ዓይኑን ከወታደሩ አላነሣም።

ጩኸት ይመጣብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ቀኑ ረቡዕ ነበር። ያለው አንድ ሸራ ጫማ በሩ ሥር ተቀምጧል። ተነሥቼ አነሣሁት፤ ጓዳ ወስጄ ጤፍ ጆንያው ውስጥ ከተትሁት፣ አፉንም በገመድ አሠርሁት። ሲያየኝ ነበር። 

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ዋለ። እኔም በሩ ላይ ዋልሁ። እሑድ በባዶ እግሩ ከቤት ተከትሎኝ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። መንገዱ ውርጭ ነበረው። ያየን ሰው ስለት ያለበት መስሎት «ይድረስልህ» አለው። «አሜን» አለ ልጄ። ጫማውን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልሰጠሁትም።