የመርዶ ዋዜማ በጀርመኖች ቤት

ብርቅአየሁ ውሸት አይሆንላትም። ስትዋሽ አንገቷ ይቀላል፣ ምላሷ ይተሳሰራል፣ መጨረሻ ላይ ራሷ ትስቅና ታጋልጠዋለች። ስዊድን አገር ፋርስታ ውስጥ በር ለበር ስንኖር አንድም ቀን ዋሽታ ሲሳካላት አላየሁም። ከስቶክሆልም ሐበሻ ሁሉ ተመርጦ ያ ጉድ የተጫነው ታዲያ እሷ ላይ ነው። ሽማግሌዎቻችን ሰው መምረጥ ያውቁበታል!

የነገረችኝ ራሷ ናት። ወሬ ለማሳመር አይደለም፤ ሌሊት እንቅልፍ ስለነሣት ነው። እኔም ለመፍረድ አልጽፈውም፤ ብፈርድ ኖሮ የምፈርደው እሷ ላይ አልነበረም።

ቀኑ ግንቦት ላይ፣ ዓርብ ነው። ብርቅአየሁ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ቋሚ አይደለችም፤ ሰው ሲቀር ደውለው የሚጠሯት ቪካሪ ናት፤ ከዛሬ ነገ ቋሚ ያደርጉኛል እያለች ስንት ክረምት አሳልፋለች። የአንዲት አሮጊት ፀጉር እያበጠረች ሳለ ጋሽ አድነው ደወሉላት። ጋሽ አድነው የዕድራችን ሊቀ መንበር ናቸው፤ እሳቸው በሥራ ሰዓት ከደወሉ የሞተ ሰው አለ ማለት ነው።

«ብርሃነ ሥላሴ አረፈ፤ የተዋበች ወንድም» አሏት። «ዛሬ ሊነጋጋ ሲል። ልቡ ነው አሉ።»

ብርቅአየሁ ማበጠሪያውን አሮጊቷ ጭን ላይ አስቀምጣ ኮሪደር ወጣች። ተዋበች የልብ ጓደኛዋ ናት። ስዊድን የገቡት በአንድ ክረምት ነው፤ ቋንቋውን የተማሩት አንድ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ነው። ተዋበች አሁን ሜርስታ ብቻዋን ትኖራለች፤ አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ለመንገደኞች ምግብ ከሚያዘጋጅ ቤት ትሠራለች። ወላጆቿ በልጅነቷ ሞተውባት ያሳደጋት ይኸው ወንድሟ ነው። ሌላ እህት ወንድም የላትም።

«ምን ላድርግ ጋሽዬ?»

«ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት አዲስ አበባ ነው፤ ልጁ ከክፍለ ሀገር እስክትገባ ነው ያቆዩት። ቤተሰቡ አደራ ብሎናል። ብቻዋን እንዳትሰማ። ነገ ማለዳ ተሰብስበን ሄደን እናረዳታለን። ዛሬ ግን አንቺ ያዢያት። ያንን ፌስቡክ የሚሉትን እንዳታይ፤ ሐበሻ ካለበትም አታድርሻት። ደግሞ አብዪያት። ከነገ ጀምሮ እህል ባፏ አይዞርም።»

ሥርዓታችን ነው፤ አላወግዘውም። ሰው በባዶ ሆዱ መርዶ አይሰማም፣ ብቻውን አይሰማም፣ መንገድ ላይ አይሰማም። ደግ ሥርዓት ነው። ሥርዓት ግን አውሮፕላን ከመምጣቱ በፊት የተሠራ መሆኑን የሚያስታውስ ሽማግሌ አልነበረንም።

ሐበሻ የማይደርስበት ቤት ፈልጊ ከተባለች ምን ታድርግ? የኛዎቹን ምግብ ቤቶች ተወቻቸው። የጣልያኑም የሕንዱም ቤት የሚያውቁት ሰው አይጠፋበትም። አስባ አስባ፣ አሳማ በየዓይነቱ የሚቀርብበት አንድ የጀርመኖች ቤት መሀል ከተማ ትዝ አላት። እዚያ ውስጥ የሚያየን ሰው ቢኖር እንኳ እሱ ራሱ መታየቱን አይወድም ብላ ወሰነች። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነውና ዓርብ ቢሆንም ጾም የለም። ቀጥሎ ምክንያት አስፈለገ። በምን ሰበብ ትጋብዛት? ያን ጊዜ ነው የማይሆንላትን ውሸት የዋሸችው።

«ተዋቡ፣ ፋስት ሥራ ሰጡኝ፣ ቋሚ ሆንኩ! ዛሬ ልጋብዝሽ ነው» አለቻት በስልክ።

ስልክ አንገት አያሳይም። ተዋበች አመነች፤ እልልታዋን እዚያው ሥራ ቦታዋ ለቀቀችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተገናኙ። ቤቱ ሰፊ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጉ የእንጨት ጠረጴዛዎች፣ መደገፊያ የሌላቸው አግዳሚ ወንበሮች፣ በግድግዳው በኩል ምግብ እየቀዳህ የምትመለስበት ረጅም መደብ። የመጣ ሰው ሁሉ ከማያውቀው ጋር ተጋፍቶ ይቀመጣል። ስዊድናዊ ማለት እኮ አውቶቡስ ውስጥ ባዶ ወንበር እያለ አጠገብህ ከሚቀመጥ ቆሞ የሚሄድ ፍጡር ነው። እዚያ ቤት ሲገባ ግን ምን እንደሚያዞርበት እንጃ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይበላል። አስተናጋጁ ሁለቱን ከሽማግሌ ባልና ሚስት ፊት ለፊት አስቀመጣቸው።

ተዋበች ደስ ብሏታል። ከመደቡ ፊት ቆማ የተጠበሰውን የአሳማ እግር ስታይ «እግዚኦ! ከነጫማው አይደለም እንዴ ያቀረቡት?» ብላ ሳቀች። የዶሮ ጥብስና የድንች ሰላጣ ቀዱ። ኮምጣጣውን ጎመን ቀምሳ «ጎመን ያቦካሉ፣ ጉዶች!» አለች፤ ግን ደግማ ቀዳች። ብርቅአየሁ ሳህኗን ይዛ ከኋላዋ ትከተላለች። የተዋበችን ጀርባ እያየች፣ ነገ ይኼ ጀርባ ይጎብጣል ትላለች በልቧ።

ፊት ለፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ምን እንደሚያከብሩ ጠየቁ። ተዋበች በስዊድንኛ፣ ያውም በኩራት፣ «ጓደኛዬ ከስንት ዓመት በኋላ ቋሚ ሥራ አገኘች» አለቻቸው። ሽማግሌው ብርጭቋቸውን አነሡ፤ ሚስታቸውም አነሡ፤ ከጎን ያሉት ወጣቶች ምን እንደሆነ ሳያውቁ አነሡ። የጠረጴዛው ግማሽ «ስኮል!» ብሎ ጮኸ። ብርቅአየሁ የማታውቃቸው ሰዎች ሁሉ ዓይን ዓይኗን እያዩ እንኳን ደስ ያለሽ አሏት። አንገቷ እሳት ሆነ። ተዋበች ግን ያን ቅላት የደስታ ነው ብላ ጉንጯን ሳመቻት።

«ቆይ፣ ወንድምዬ መስማት አለበት» አለችና ስልኳን አወጣች።

«ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ ተዪው» አለች ብርቅአየሁ።

«ምን ይቀዘቅዛል፣ ጎመኑ እንደሆነ ቀድሞም ቀዝቃዛ ነው።» ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሣም። «እሱ መቼ አንሥቶ ያውቃል!» ብላ በድምፅ መልእክት ላከችለት። «ወንድምዬ፣ ብርቅአየሁ ቋሚ ሥራ አገኘች። ደውልና መርቃት፤ ያንተ ምርቃት ይይዛል።»

ብርቅአየሁ ይህን ስትነግረኝ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ሬሳ እንዲመርቀኝ ነው ያደረግኩት» አለችኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የሥርዓት ውሸት ነበርና በጊዜው ይረሳ ነበር። ተዋበች ግን ሰዓቷን አየችና፣ ሰው ስለ ሥራው እንደሚያወራው እንዲሁ አወራች።

«ይኼኔ ያገራችንን አውሮፕላን ምግብ እየጫኑ ነው። የዛሬውን እኔ ነኝ ያሰናዳሁት። ማታ ተነሥቶ ጠዋት አዲስ አበባ ነው። አንዳንዴ ትሪውን ስደረድር፣ እዚያው ጋሪው ውስጥ ገብቼ ልሂድ ይለኛል። ያለ ቪዛ የሚያስገባኝ ቢጫ ካርዴ ከቦርሳዬ አይወጣም፤ ፓስፖርቴ እዚያው ማረፊያው አጠገብ፣ ሜርስታ ነው። ካሰብኩ ከመሄድ ምን ይይዘኛል?»

ብርቅአየሁ ሹካዋን አስቀመጠች። ጠዋት አዲስ አበባ። ቀብሩ ስድስት ሰዓት። ትደርሳለች! አሁን ብትነግራት፣ አሁን ከዚህ ወንበር ብትነሣ፣ ተዋበች ወንድሟን ትቀብራለች።

«ትንሽ ልቅዳ» ብላ ተነሣች። ሳህኗን ይዛ ቋሊማ ከተደረደረበት ዳር ቆማ ጋሽ አድነው ጋ ደወለች።

«ጋሽዬ፣ የማታ አውሮፕላን አለ። ልንገራት። ትደርሳለች።»

«ልጄ፣ አደራ እኮ ነው! እዚያ ፈረንጅ መሀል ልትነግሪያት ነው? ከዚያስ? ሌሊቱን ሙሉ አውሮፕላን ላይ ብቻዋን ስታለቅስ ማን ይይዛታል? አንድ ነገር ብትሆንስ፣ ለቤተሰቡ ምን ብለን እንመልሳለን?»

«እኔ አብሬያት እሄዳለሁ።»

«ሥራሽስ? አሁን ቋሚ ሳያደርጉሽ ጥለሽ ልትሄጂ?»

እዚህ ላይ ነው ብርቅአየሁ የተሸነፈችው። ይህን አልደበቀችኝም። ሰኞና ማክሰኞ ተጠርታ እሺ ብላለች፤ ከቀረች ሌላ ሰው ይጠራሉ፤ ሌላ ሰው ከጠሩ ደግሞ ያ ሰው ቋሚ ይሆናል። ይህ ሁሉ ቋሊማው ፊት ቆማ በአንድ ጊዜ በልቧ አለፈ። «ለተዋበች አዝኜ ዝም አልኩ ብል ውሸት ነው» አለችኝ። «ለራሴ ነው ዝም ያልኩት። የጋሽ አድነው አደራ መጠለያ ሆነኝ።»

«እሺ ጋሽዬ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ምን እንደምትቀዳ ልብ ሳትል የአሳማ ቋሊማ ሳህኗ ላይ አድርጋ ተመለሰች።

ተዋበች ሳህኑን አይታ በሳቅ ፈረሰች። «አንቺ! ቋሚ ሠራተኛ ስትሆኚ ጊዜ አሳማም ጀመርሽ?» ሽማግሌዎቹም አብረው ሳቁ። ብርቅአየሁ ሳህኑን ገፋችው። ከዶሮው ቀደደችና በእጇ ለጓደኛዋ አጎረሰቻት። ጉርሻ አንድ ሲሆን ያጣላል ብላ ደገመችላት። ተዋበች እየበላች አመሰገነች። የአውሮፕላኑ ሰዓት እስኪያልፍ ድረስ ብርቅአየሁ ጣፋጭ አስመጣች፣ ሻይ አስመጣች፣ የማይረባ ወሬ አወራች። ይህን ሁሉ ስታደርግ አንድ ጊዜም አልተሳሳተችም፤ በሕይወቷ አንድ ቀን ውሸት ሆነላት።

ፋርስታ ድረስ መሄድ ሰለቸኝ ብላ በከተማው ባቡር፣ በፔንደልቶግ፣ አብራት ሜርስታ ሄዳ አደረች። ማለዳ ጋሽ አድነውና የዕድሩ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲመጡ በሩን የከፈተችላቸው እሷ ናት።

«በላች?» አሏት ጋሽ አድነው በሹክሹክታ።

«በልታለች።»

«እሰይ፣ ተባረኪ።»

ተዋበች ያንን ሁሉ ሰው ስታይ ገባት። እንዲህ በማለዳ ዕድር ደግ ነገር ይዞ እንደማይመጣ የማያውቅ የለም። ነገሯት። ወለሉ ላይ ወደቀች፣ ደረቷን መታች፣ ሴቶቹ ይዘው አቀፏት። ሥርዓቱ እንደሚለው ሁሉ ሆነ፤ ብቻዋን አልነበረችም፣ ባዶ ሆዷን አልነበረችም። ጋሽ አድነው ትንሽ እፎይ ብለው ተቀመጡ።

ኋላ ድንገት ቀና አለች። «መቼ ተቀበረ?»

ጋሽ አድነው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«መቼ ነው የተቀበረው ጋሽዬ?»

«ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው፣ ልጄ።»

«ገና አልተቀበረም?»

የተዋበች ዓይን ከአንዱ ወደ አንዱ ዞሮ ብርቅአየሁ ላይ ቆመ።

«ትናንት ስንበላ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ስለ አውሮፕላኑ ስነግርሽም?»

«አውቅ ነበር፣ ተዋቡ።»

«እኛ ነን ያዘዝናት» አሉ ጋሽ አድነው ፈጥነው። «በእሷ አትፍረጂ።»

«እርስዎን አልጠየቅኩም» አለች ተዋበች።

ከዚያ በኋላ ያለቀሰችው ወንድሜ ብላ አልነበረም። «እደርስ ነበር! እደርስ ነበር!» እያለች ነው። አልቃሽ ሴቶቹ ምን ብለው እንደሚቀበሏት ግራ ገባቸው።

ብርቅአየሁ ወጥ ቤት ገባች። ኮቷን ፈልጋ ልትሄድ ነበር፤ ከዚያ ቤት ርቃ የትም ልትገባ። አዲስ አበባ ላይ ስድስት ሊሆን፣ እኛ ጋ አምስት ሰዓት ሲቃረብ፣ ተዋበች ከሳሎን «ብርቅአየሁን ጥሯት» አለች። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ይቅር አለቻት ማለት ነው ብለው አንዳንዶቹ አማተቡ።

ተዋበች ስልኳን ዘረጋችላት። ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ የገባችው የወንድሟ ልጅ ቀብሩን በቪዲዮ እያሳየቻት ነው።

«ያዥልኝ» አለቻት። «እጄ ይንቀጠቀጣል።»

ብርቅአየሁ ፊቷ ተንበርክካ ስልኩን ያዘችላት። መስታወቱ ወደ ተዋበች ስለዞረ ቀብሩን አላየችም። የቄሶቹን ዜማና የአፈሩን ድምፅ ትሰማለች፤ የምታየው ግን የተዋበችን ፊት ነው፣ ዓይኗ ሳይርገበገብ የሚከተለውን። ክንዷ ዛለ። አንዲት ሴት አዝና ልትቀበላት እጇን ስትሰድ ተዋበች በአገጯ ከለከለቻት።

«እሷ ትያዘው።»

ክንዷ ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ።

«ከፍ አድርጊው» አለች ተዋበች። «ሳጥኑ አይታየኝም።»

ከፍ አደረገችው።